ተቀባይ ያጣ ኩላሊት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሰማንያ አራት ስላይድ ቆረጥኩ። የአይጥ ኩላሊት፣ ከሰው ፀጉር ሃያ ጊዜ የቀጠነ፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ። ትንሽ ጠንከር ብለው ቢተነፍሱበት ይበራል። ስለዚህ ሲቆረጥ አይወራም፣ አይሳቅም፣ አይነጠስም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ትንፋሼን ይዤ ኖርኩ። ሰው ዝምተኛ ናት ይለኛል። ኧረ ዝምተኛስ አይደለሁም… ሥራ ላይ ሆኜ ነው።

ፕሮፌሰሩ ሁለት ጊዜ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። «አምስቱ እንዴት አደረ?» አሉ። ሰላምታቸው ይኸው ነው። እኔ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀውኝ አያውቁም።

አምስቱ ማለት… (ይህን ደብተር እማዬ ድንገት ካገኘችው እንዲገባት ልጻፈው።) ፕሮቲን ነው። ስሙ ኤል-ጂ-አር-አምስት ነው፤ እኛ አሳጥረን አምስቱ እንለዋለን። በሕዋስ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ከውጭ የሚመጣ መልእክት ይቀበላል። ተቀባይ የሚባለው ለዚህ ነው። ሁሉም ሕዋስ የለውም። ግንደ ሕዋስ የሚባለው፣ ሌላው አርጅቶ ሲረግፍ እየተከፈለ የሚተካው፣ እሱ አለው። ስለዚህ አምስቱን ያየንበት ቦታ ተተኪ አለ ማለት ነው። አንጀት ውስጥ መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። እኛ አገኘነው የምንለው ኩላሊት ውስጥ ነው። ባደገ ኩላሊት። ይህ ማለት ኩላሊት ራሱን መጠገን ይችላል ማለት… ይችል ይሆናል ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ «ይሆናል» የሚባለውን ቃል አይወዱም።

የኔ ሥራ መቁረጥና መቀባት ነው። የምቀባው አንቲቦዲ ይባላል። አምስቱን ፈልጎ ይጣበቅበታል፤ አረንጓዴ መብራት ተሸክሟል። በማይክሮስኮፕ ስናይ የበራ ካለ አምስቱ እዚያ አለ። ይኸው ነው። ለዚህ ነው ጽሑፋችን ትልቅ መጽሔት ላይ ሊወጣ የተፈቀደለት።

ተመራቂዋ ደግሞ ፎቶውን ታነሳለች፣ ትቆጥራለች። የዶክትሬት ተማሪ ናት። በየዓመቱ «ዘንድሮ እመረቃለሁ» ስለምትል ተመራቂዋ አልናት። አራት ዓመቷ። መመረቂያዋ በሙሉ ኩላሊት ውስጥ ባለው አምስቱ ላይ የቆመ ነው።

ወገቤን አመመኝ። ልተኛ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ወንድሜን ለኩላሊት እጥበት ወሰድኩት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ አራት አራት ሰዓት። ሦስት ዓመት ሆነው። ግራ ክንዱ ማሽኑ ላይ፣ ቀኝ እጁ የተማሪ ፈተና ላይ። የሒሳብ መምህር ነው።

አንዱን ወረቀት አሳየኝ። «እዪው እስቲ። ማሽኑ ያጠበውን ደም ይኼ ልጅ መልሶ ያቆሽሸዋል።»

እንደገና ጠየቅኩት። የምርመራው ውጤት ከመጣ ስምንት ወር ሆነ፤ የኔ ኩላሊት ይስማማዋል። ሐኪሙ «እንዲህ የሚገጥም አይገኝም» ብሏል። ሰጪ አለ። ተቀባይ ጠፋ!

«አምስቱ እየመጣ አይደል እንዴ?» አለኝ ቀና ሳይል። «ምን አስቸኮለሽ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«እኔ መቼ እየመጣ ነው አልኩህ?»

«አለቃሽ በጋዜጣ ብለዋል።»

እማዬማ አታስጨርሰኝም። «ሁለት ልጆቼን ባንድ ቀን ቢላ ስር? ሞቼ ነው! ሳይንሱ ደረሰ እየተባለ!»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ግን ከዚያ ስወጣ እግሬ ቀለለኝ። ለምን ይሆን የቀለለኝ?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ፕሮፌሰሩ በሬዲዮ ቀረቡ። «በቅርቡ ኩላሊት ራሱን በራሱ ያድሳል» አሉ። በቅርቡ ስንት ዓመት ነው? ጋዜጠኛው አልጠየቀም።

ወንድሜ ማሽን ላይ ሆኖ ሰማው። ነርሷ ድምፁን ከፍ አድርጋው ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ… በአንድ እጅ እንዴት እንደሚጨበጨብ እንጃ፣ ብቻ አጨበጨቡ አለኝ። የቴክኒሻኗ ወንድም ስለሆነ ለእሱ እንኳን ደስ ያለህ ተባለለት። አጠገቡ የሚተኙት ሽማግሌ «ልጄ፣ ለእህትህ ንገርልኝ፤ ስሜ ከመጀመሪያዎቹ ይግባ» አሉት።

እማዬ ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለዳቦ ሻጯ ነገረች። ላም አለኝ በሰማይ… ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል?

«አንቺን ለምን ስምሽን አልጠሩሽም?» አለችኝ ተቆጥታ።

«እኔ ቀቢ ነኝ እማዬ።»

«ቀቢስ ቢሆን! ቤቱን ማን አሳመረው? ቀቢው አይደል?»

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

አሮጌው የአንቲቦዲ ብልቃጥ አለቀ። አዲስ ከፈትኩ። ያው ኩባንያ፣ ያው ስም፤ የተመረተበት ዙር ብቻ ይለያል። ቀባሁ። ሰኞ አየዋለሁ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ለማነጻጸር የምቀባው አንጀት በትክክል በራ። በአንጀቱ ግድግዳ ባሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ሥር፣ ቀጠን ቀጠን ብለው ተደርድረው፣ ልክ መኖር ያለባቸው ቦታ። እንደዚህ ጥርት ብለው አይቻቸው አላውቅም።

ኩላሊቱ ጨለማ። መብራት የጠፋበት ሰፈር።

የረሳሁት ነገር ይኖራል ብዬ እንደገና ቀባሁ። አልረሳሁም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሦስተኛ ጊዜ ቀብቼ ለፕሮፌሰሩ አሳየኋቸው።

«አዲሱ ብልቃጥ ተበላሽቷል» አሉ ገና ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ።

«አንጀቱን ግን አብርቷል፣ ፕሮፌሰር።»

ትንሽ አሰቡ። «በከፊል ነው የተበላሸው።»

በከፊል። ለኩላሊት ሲሆን ብቻ። እንዲህ ያለ መራጭ ብልሽት አይቼ አላውቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን… ወዲያው ለኩባንያው ደወሉ። የድሮው ዙር ካለ ይላክልን፣ በአስቸኳይ። በሚቀጥለው ወር ለሚደረገው ትልቅ የሳይንቲስቶች ጉባኤ አዲስ ፎቶ ይፈልጋሉ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ኩባንያው ሦስት ብልቃጥ ላከ። የድሮው ዙር። መጋዘን ጥግ ተረስቶ የነበረ ነው አሉ። ለደንበኝነታችን ስጦታ!

ቀባሁ። ኩላሊቱ በራ። ፕሮፌሰሩ ማይክሮስኮፑን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጉት። «አየሽ?» አሉኝ። ተመራቂዋ ብስኩት ገዝታ መጣች። ሁሉም ደስ አለው። እኔም በላሁ።

ግን… ሁለት ምስክር ቀርቧል። አንዱ አየሁ ይላል፤ አንዱ አላየሁም ይላል። እኛ የጣመንን መረጥንና ጨዋ ነው አልን። ሌላውን ሰካራም ነው ብለን አስወጣነው። እንዲህ ነው እንዴ የሚፈረደው?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ወረድኩ። እሷ ጋ አምስቱ ጭራሽ የሌላቸው አይጦች አሉ። ገና ሲፈጠሩ ጂኑ እንዲጠፋ የተደረጉ። እንደተወለዱ ይሞታሉ፤ ኩላሊታቸው በሰም ተቀምጧል።

«ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለማጣራት ያህል።»

«ሳይጣራ ነው እንዴ በሬዲዮ የተነገረው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም ቶሎ አቆምን።

በአሮጌው ብልቃጥ ቀባሁ። አረንጓዴ! ቦግ ብሎ በራ። አምስቱ በሌለበት፣ ሊኖርም በማይችልበት። ያልተወለደ ሰው ገበያ አየሁት የሚል ምስክር ነው። የሚጣበቀው ሌላ ነገር ላይ ነው፤ ምን ላይ እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። በአዲሱ ብልቃጥ ስቀባው ደግሞ ጨለማ። ሰካራም ያልነው ነው እውነቱን የተናገረው።

ስላይዱን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጓንት ካርቶኑ ስር ከተትኩት።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ለማንም አልነገርኩም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

እማዬ ቤት ምሳ። ስለ ፕሮፌሰሩ የወጣውን ጋዜጣ ቆርጣ ላስቲክ አልብሳዋለች። ወንድሜ ከልክ በላይ ገርጥቷል። እንዴት ነህ ስለው «አምስቱን እየጠበቅኩ» አለኝ።

ድንቹን አጎረሰችኝ እማዬ። 

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ዛሬም ዝም አልኩ። ለምን?

ለፕሮፌሰሩ አዝኜ ነው? አይደለም። ለተመራቂዋ? ትንሽ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልዋሸሁ… ቢላ ስለምፈራ ነው።

ይኸው። ጥርሴን ሲነቅሉልኝ ራሴን ስቼ የወደቅኩ ሰው ነኝ። ሌላው የሚያውቀው ደግሞ ያቺን ኩላሊቴን ላካፍል ያለችውን ለጋስ እህት ነው። እማዬ አልቅሳ ስማኛለች። ጎረቤት አመስግኖኛል። ኩላሊቴን ልስጥህ ያልኩት ከልቤ ነው። እምቢ ሲለኝ ደስ ያለኝም ከልቤ ነው። ሁለት ልብ አለኝ ማለት ነው። ኩላሊት ሁለት ሲሆን ደግ ነው፤ ልብ ግን ሁለት ሲሆን…

አምስቱ ካለ ቢላ የለም። አምስቱ ከሌለ ቢላ አለ። ሰው ማስረጃ የሚደብቀው ለሹመት፣ ለዝና ነው። እኔ ሆዴን ለማዳን ደበቅኩ። ቃል በቃል ሆዴን!

ወንድሜ በየሳምንቱ እየከሳ ነው። እኔ የጓንት ካርቶን ስር እውነት አስቀምጬ ምሳ እበላለሁ።

ነገ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

መጀመሪያ ለተመራቂዋ አሳየኋት። ወንበር እያለ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አራት ዓመት፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ያውቃል ሌላ?»

«እኔና አንቺ።»

«ታዲያ…» አለችና አቆመች። ያ «ታዲያ» የት እንደሚሄድ ሁለታችንም አውቀነዋል። ጠበቅኳት። እኔ ለአራት ቀን የተኛሁበት ነገር ነው፣ ምን አፍ አለኝ?

ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። «ብልቃጦቹን ስጪኝ። እኔ ራሴ ልቀባው። ያንቺን እጅ ተጠራጥሬ አይደለም።»

«ተጠራጠሪ እንጂ። ሥራሽ ነው።»

ቀባች። ያው ሆነ። «ጠረጴዛውን ብንቀባውም ያበራል» አለችና በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ብርዱ ነው አለችኝ። ብርዱ ነው አልኩ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

አብረን ገባን። ፕሮፌሰሩ ለረጅም ጊዜ አዩ። አንዱን ስላይድ፣ ሌላውን፣ መልሰው የመጀመሪያውን።

«ማን ነው የቀባው?»

«እኔም እሷም።»

«እጅሽ ተንቀጥቅጦ ይሆናል።»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት ያልተንቀጠቀጠው እጅ፣ ፕሮፌሰር?»

«ጉባኤው ሁለት ሳምንት ቀረው» አሉ። ጉባኤው ቢቀር፣ ቢደርስ፣ አይጡ ኩላሊት ውስጥ ምን እንደሚለወጥ እንጃ። 

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው» አሉ። «ይኼ የመጨረሻዬ ነበር።»

ለእኛ የተናገሩት አይመስለኝም። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንደ አለቃ ነበር የማያቸው። ዛሬ ጀርባቸውን ሳይ… የኮታቸው ኮሌታ ተገልብጧል፤ ማንም ያቃናላቸው የለም። ላቃናላቸው እጄ ሄዶ ተመለሰ።

«ውጡ፣ ላስብበት» አሉን።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አሰቡበት። ለመጽሔቱ የሚላክ ደብዳቤ ማተሚያው ላይ ተረስቶ ተመራቂዋ አገኘችው። «በቴክኒሻን የአቀባብ ጉድለት ምክንያት…»

ጉድለት! የኔ! ኮሌታ ላቃና ነበር እኮ።

ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። አሁን ብቀባ ደብዳቤያቸው እውነት ይሆን ነበር።

ተመራቂዋ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ሄደች። ድምፅዋ ከማቀዝቀዣው ጉርምርምታ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማት። «ይህ ከተላከ የእኔ ስም ከጽሑፉ ይውጣ! ለምን እንደወጣም እኔው እጽፋለሁ! እትዬ ባትኖር እስከ ጡረታዎ ድረስ አረንጓዴ ውሸት ስንቆጥር እንኖር ነበር!»

 ከዚያ የፕሮፌሰሩ ድምፅ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፦ «ተቀመጪ። እንዴት እንጻፈው?»

ተመራቂዋ ተመልሳ መጣች። ውሃ ሰጠኋት። «ምን አልኩ እትዬ?» አለችኝ። የምር አታስታውስም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ለወንድሜ ነገርኩት። ማሽኑ ከጀመረ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ፈተና እያረመ ነው።

«አምስቱ የለም» አልኩት።

«የት?»

«ኩላሊት ውስጥ። አየነው ያልነው ሌላ ነገር ነው።»

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ማሽኑ ጥርር ጥርር ይላል።

«ስንት ከስንት?»

«ዜሮ።»

«ደግ ነው» አለ። «ግማሽ ነጥብ ብትይኝ እከራከርሽ ነበር።»

የደበቅኩበትን አራት ቀን አልነገርኩትም። ልነግረው አፌን ከፍቼ… አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ሰምተውን ኖሮ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እኔስ ስሜ ከመጀመሪያዎቹ ነበር። አሁን ማን ጋ ልጠይቅ?»

እግራቸው አጠገብ ተቀምጬ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። «ገባኝ» አሉ። «ሲመጣ በሬዲዮ ነገሩን። ሲቀር የምትነግረን አንቺ ነሽ? እህ… ሬዲዮውስ?»

 ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ ተነሳሁ።

ወንድሜ እስክርቢቶውን መልሶ አንስቷል፤ ግን እያረመ አይደለም። «እንግዲህ ምክንያት አለቀብኝ» አለ።

«ሰበብ በለው።»

«ሰበብ አለቀብኝ።»

«ታዲያ?»

«እሺ።»

እሺ አለ። ስምንት ወር የለመንኩት እሺ። ስወጣ እግሬ እርሳስ ሆነ። ግድግዳ ይዤ ነው ደረጃውን የወረድኩት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

እማዬ ስትሰማ ጋዜጣውን ከነላስቲኩ ቀዳ ልትጥለው ሞከረች። ላስቲኩ አልቀደድ አላት። በመቀስ ቆረጠችው። «ውሸታም ሁላ! ኮት ለብሶ!»

ከዚያ ቁጭ አለች። ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን፤ ማንን ከማን እንደምትመርጥ ዓይነት። ያ አስተያየት ከባድ ነው፣ አልወደውም።

«መቼ ነው?» አለች በመጨረሻ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ጉባኤው ትናንት ነበር። ተመራቂዋ ሄዳ ነበር፤ ዛሬ ደውላ ተረከችልኝ።

ፕሮፌሰሩ መድረክ ላይ ወጡ። ሁሉንም ተናገሩ። የበራውን አሳዩ፤ የጨለመውን አሳዩ፤ አምስቱ በሌለበት የበራውን አሳዩ። ጽሑፉን ከመጽሔቱ ማንሳታቸውን ተናገሩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ! ለግኝቱ ቢሆን ተቀምጠው ነበር የሚያጨበጭቡት።

«‹አንድ ቀን ራሴን ተጠራጠርኩ› አሉ፣ እትዬ» አለችኝ ተመራቂዋ።

ራሳቸውን! እንዴት ያለ ቀን ነበር እሱ፤ እኔ እረፍት ላይ ነበርኩ መሰለኝ።

አሁን ስለ ሐቀኝነት እንዲናገሩ ሦስት ቦታ ተጋብዘዋል። ሬዲዮውም ጠርቷቸዋል። ቢያንስ ሽማግሌው ይሰማሉ። የኔስ ስም? አለ፤ በምስጋናው ገጽ፣ አንድ ፊደል ተሳስቶ። እማዬ እንዳታይ።

ተናደድኩ? ተናደድኩ እንጂ። ግን ደግሞ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የራሱን ቤት በራሱ እጅ ማፍረስ… እኔ ለአራት ቀን አንድ መሳቢያ መክፈት አቅቶኝ አልነበር? እሳቸው ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በእኔና በእሳቸው መካከል ያለው አሥር ቀን ነው።

ተመራቂዋ አዲስ ርዕስ ያዘች፤ አሮጌው ብልቃጥ ምን ላይ ነው የተጣበቀው? «በሁለት ዓመት እመረቃለሁ» ትላለች። እግዜር ያውቃል።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ምርመራ፣ ምርመራ፣ ምርመራ። ደሜን ቀድተው ሊጨርሱት ነው። ሐኪሙ ቅጹ ላይ እኔን «ሰጪ»፣ ወንድሜን «ተቀባይ» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ አነበበውና «እኔን ደግሞ ብልቃጥ ይዛችሁ እንዳትቀቡኝ» አለ። ሐኪሙ አልገባውም። እኛ እስኪያመን ሳቅን።

ጥር 10፣ እሑድ

ነገ ነው። እፈራለሁ። ብጽፈው ይቀለኝ ይሆን ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ጥር 15፣ ዓርብ

መጻፍ ቻልኩ። ጎኔ ላይ እንደ ዚፕ ያለ ስፌት አለ። ማሳል አይቻልም፣ ማስነጠስ አይቻልም፣ መሳቅ አይቻልም። የለመድኩት ኑሮ ነው።

ኩላሊቱ ገና የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሥራ ጀመረ አሉ። እኔ ጋ አርባ አራት ዓመት የኖረው፣ ምንም ሳይሰናበተኝ! እማዬ የወንድሜን ሽንት በሚሊሊትር ትመዘግባለች። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በር ላይ ተቀብላ፣ ሰላምታ ሳይጨርስ፣ «ትናንት ሦስት ሊትር ተኩል!» ትለዋለች። ፕሮፌሰሩም ዛሬ ጠዋት መጥተው ነበርና እሳቸውም ተነገራቸው። «እጅግ ጥሩ ውጤት ነው» አሉ በቁም ነገር። ከዚያ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እንዴት አደርሽ?» አሉኝ።

ደህና አደርኩ አልኳቸው።  አሥር ደቂቃ ተቀምጠው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ የመድኃኒቱን ባለጎማ ዘንግ እየገፋ ወደ ክፍሌ መጣ። ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል። ይህን ቀለም ረስቼው ነበር። እማዬ ልብስ ልታመጣ ወጥታለች። ሁለታችን ብቻ ነበርን። አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም አልኩ።

«ስላይዱን አራት ቀን ደብቄው ነበር» አልኩት። «ለፕሮፌሰሩ ብዬ አይደለም። ቢላውን ፈርቼ ነው። አምስቱ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ አንተ እንድትጠብቅ ተውኩህ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር።

«አራት ቀን?» አለ።

«አራት ቀን።»

«እኔ አምስቱን አንድም ቀን አላመንኩበትም።»

«ምን?»

«አንድም ቀን። አንዲት አይጥ በራች ተብሎ ሰው ይድናል? የሒሳብ መምህር ነኝ እኮ።»

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ…»

የዘንጉን እጀታ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። «ውጤቱ የመጣ ዕለት፣ ሐኪሙ ‹ይስማማል› ሲል፣ ፊትሽን አየሁት። ከንፈርሽ ነጭ ሆነ። ከዚያ ፈገግ አልሽ። ቀደም ብሎ ጥርስሽን ሲነቅሉሽ ማን ነበር ከመሬት ያነሳሽ? እኔ አይደለሁም? ሰበብ ፈለግኩልሽ። አምስቱ ሲመጣ ደህና ሰበብ ሆነ።»

ስፌቴን በእጄ ያዝኩ። 

«እና ለምን እሺ አልክ ታዲያ?»

«ያን ዕለት ስትነግሪኝም ከንፈርሽ ነጭ ነበር። ግን አምስቱ አለ ብለሽ ዝም ማለት ስትችይ መጥተሽ ነገርሽኝ። ይህን ያህል ከቻልሽ ቢላውንም ትችያለሽ አልኩ።»

ስምንት ወር። እኔ እሱን ስለምነው፣ እሱ ለእኔ ብሎ ሲዋሽ። እማዬ ለሁለታችን ጋዜጣ ላስቲክ ስታለብስ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ!

ማልቀስ ጀመርኩ፤ ስፌቱ አመመኝ፤ ተውኩት። ልስቅ ስል ደግሞ ባሰ። እሱም ጎኑን ይዞ አጎነበሰ። ነርሷ በሩን ከፍታ ሁለታችንንም እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አየችን።

«መሳቅ ከቻላችሁ መራመድ ትችላላችሁ። ኮሪደሩን ሁለት ዙር። ኑ፣ ተነሱ!»

ተነሳን። እሱ የመድኃኒቱን ዘንግ ይዞ፣ እኔ ግድግዳውን። ሰጪው ከተቀባዩ ይብስበታል፣ እሱ ታሞ ነው የገባው፣ አንቺ ጤነኛ ሆነሽ ነው አለችኝ ነርሷ። መጽናኛ መሆኑ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ቆሜ እስኪደርስብኝ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ገና ግማሽ ኮሪደር ሳንደርስ ዘንጉን እያንኳኳ አልፎኝ ሄደ። ቀስ በል ልለው ነበር። ተውኩት። ከኋላው ግድግዳ ይዤ ቆምኩና አየሁት።

ቀደመኝ።